አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ቢቸና ውስጥ የብሥራት እናቶች ክሊኒክ የወሊድ መዝገብ ተሰረቀ። ላፕቶፑ አለ። መድኃኒቱ አለ። የነርሶቹ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ ቦታው ላይ ነው። የሄደው መዝገቡ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር ንጋት ቁርሷን ሳትጨርስ ነው የተጠራችው። ክፍሉን አንዴ ዞር ብላ አየችው። የሣጥኑ ጓጉንቸር ተፈልቅቆ ተንጠልጥሏል። የክፍሉ በር ግን ጭረት እንኳ የለበትም።

«ሌባው በሩን በቁልፍ ከፈተ፤ ሣጥኑን ግን ሰበረ» አለች። «ቁልፍ እንደሌለው ሊያስመስል ፈልጎ በሩን ረሳው።»

ሲስተር ሥርጉት በድካም ፈገግ አለች። የክሊኒኩ ዋና አዋላጅ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት አዋልዳለች፤ ገበያ ስትወጣ ግማሹ ሰው «የክሊኒክ እናቴ» እያለ ይስማታል።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ተረኛዋ ጋ። ዘበኛው ጋ።»

«ሌላስ?»

«እግዜር ጋ።»

«እሱን በኋላ አነጋግረዋለሁ። መዝገቡ ውስጥ ምን አለ?»

«የእናት ስም፣ ቀበሌ፣ ሰዓት። የልጁ ክብደት፣ ቁመት፣ የራስ ዙሪያ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ የተወለደ ሁሉ አለበት።»

«ማን ምን ይሠራበታል?»

ሥርጉት ከመሳቢያዋ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠቻት። ከሞጣ የመጣ ነው። እዚያ አንድ የጨቅላ ሕፃናት ጥናት ቢሮ አለ፤ ከየክሊኒኩ የአርባ ሺህ ሕፃናት ልኬት ኮምፒውተር ላይ ሰብስቧል። ከብሥራት የተላኩ የአሥራ አራት ሕፃናት ልኬት የማይታመን ነው ይላል ደብዳቤው። ኅዳር አሥራ ሁለት ራሴ መጥቼ ከዋናው መዝገብ ጋር አስተያያለሁ ይላል። ፈራሚው ዘመነ የሚባል ሰው ነው።

መዝገቡ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ጠፋ ማለት ነው።

«የማይታመን ማለት ምንድነው?»

«ተይኝ እስቲ» አለች ሥርጉት። «እዚህ ብርድ ነው። ሕፃን ራቁቱን አንመዝንም፤ ከነጋቢው ነው። ጋቢውን መቀነስ የሚረሳ አለ። የቁመቱን ቦታ ለራስ ዙሪያ የሚሰጥ አለ። መብራት ሲጠፋ በግምት ሦስት ኪሎ ብሎ የሚያልፍ አለ። የሞጣ ሰዎች ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጠው ‹ይኼ ሕፃን ነው ጥጃ?› ይሉናል።»

«ለዚህ ብሎ መዝገብ የሚሰርቅ አለ?»

«ያፈረ ሰው ምን የማያደርገው አለ?» ሥርጉት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከአሥራ አራቱ ዘጠኙን የጻፈችው ፋንታነሽ ናት፤ የሌሊት አዋላጅ ነበረች። አሁን ሞጣ ተዛውራለች። ስሟን ማንሳት አልፈልግም ነበር።»

አልፈልግም አለች እንጂ አነሳችው። ንጋት ስሙን ጽፋ ወጣች።

ከክሊኒኩ በር ላይ አንዲት ሴትዮ ቆሎ ትሸጣለች። ንጋት ርቧት ነበርና አንድ ጥቅል ገዝታ መቆርጠም ጀመረች። ሁለተኛው እፍኝ ላይ አኘከችና ቆመች። ጥቅሉን ገለበጠችው። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የራስ ዙሪያ» የሚል አምድ ተሰምሯል።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ቆሎውን?»

«ወረቀቱን።»

«ጋሽ ምንይሉ ነው የሚያመጣልኝ። ምነው፣ ጠጠር አለው?»

ምንይሉ የክሊኒኩ ዘበኛ ነው፤ ስድሳ ያለፈው ሽማግሌ። ወረቀቱን ሲያይ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«አሮጌውን ነው፣ ልጄ! አይጥ ከሚበላው ብዬ ነው። ቀኑን እይው፣ የስድስት ዓመት ነው!»

እውነቱን ነው። የስድስት ዓመት ነው።

«አዲሱንስ?»

«በቆረብኩበት! አልነካሁም!»

«ወረቀት እንደሚሸጡ የሚያውቅ አለ?»

«ሲስተር ሥርጉት ደርሳብኛለች። ማረችኝ፤ ደግ ሰው ናት። እባክሽ እንጀራዬን አታሳጭኝ።»

ንጋት የቀረውን ቆሎ ኪሷ ጨመረችው። ግማሽ ቀን በዘበኛና በቆሎ አለቀ። በማግስቱ በደብረ ወርቅ አድርጋ ሞጣ ወጣች።

ዘመነ የአርሲ ልጅ ነው። ሞጣ ከመጣ ሰባት ወሩ። መዝገቡ ጠፋ ስለተባለ የቢቸና ጉዞውን ትቶታል። ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተርና እሱ ብቻ ነው ያሉት፤ ሰው የሚያናግረው ያገኘው ዛሬ ይመስላል።

«ፖሊስ ለቁጥር ብላ ከቢቸና መጣች? ይኼን ለእናቴ እደውልላታለሁ። ምን ትሠራለህ እያለች ታስቸግረኛለች።»

«ለኔም ንገረኝ። ምን ትሠራለህ?»

«ሕፃን ከአምስት ኪሎ ተኩል በላይ ተብሎ ሲገባ ኮምፒውተሩ ቀይ ያበራል። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ቀይ ያየውን ሁሉ ያጠፋ ነበር። ባዶ መስመር ካገኘ ግን ክሊኒኩ ድረስ ደውሎ ይጨቀጭቃል።»

«ስለዚህ ባዶ የተወ ይጠየቃል፤ የተሳሳተ ዝም ይባላል?»

«እንደሱ ነበር። ክሊኒኮቹም ያውቁታል። እኔ ግን አላጠፋም። ሰው ሲሳሳት እኮ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ካገኘሁት አቃናዋለሁ።»

አሥራ አራቱን አንድ በአንድ አወረደላት። ሠላሳ ኪሎ የተባለው ነጥብ ተረስቶ ነው፤ ሦስት ነው። ቁመቱ ሠላሳ አራት፣ ራሱ ሃምሳ የተባለው ቦታ ተቀያይሮ ነው። ይኼኛው ከነጋቢው ተመዝኖ ነው። ያኛው የእናትየዋ ዕድሜ በክብደት ቦታ ገብቶ ነው። ንጋት ሰዓቷን አየች።

«አጭር አድርገው።»

«አሥራ ሦስቱ ተፈተዋል። ይቺ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።» ስክሪኑን ወደሷ አዞረው። «መጋቢት ሦስት። የእናት ስም፣ አገሬ። ልጅ፣ ሴት። ክብደት አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ቁመት አርባ ሰባት። ራስ ሠላሳ ሦስት።»

«ከነጋቢው ነዋ።»

«የኔን ጋቢ መዘንኩት። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ነው። ሦስት ኪሎ የሚሆን ጋቢ የለም።»

«ወፍራም ትሆናለቻ።»

«አርባ ሰባት ሳንቲም እኮ ናት! ስድስት ኪሎ ሥጋ በዚህች ላይ የት ይቀመጣል? ቁመቷም ራሷም የሦስት ኪሎ ልጅ ነው። ክብደቷ ብቻ ነው እጥፍ የሆነው።»

ንጋት ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እጥፍ» አለች።

«እጥፍ።»

«ሁለት ናቸው፣ ዘመነ። አንድ ላይ የተመዘኑ ሁለት ልጆች ናቸው።»

ዘመነ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ሄዱ።

«ከክሊኒኩ ወደ ቤቷ የሄደችው ስንት ይዛ ነው?» አለችው።

«አንድ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ንጋት መዝገብ ፍለጋውን ተወችው። የምትፈልገው ሕፃን ነው። በሕይወት ካለች ስምንት ወር አልፏታል፤ ከሞተችም መቃብር ይኖራታል። አንዱን ሳታገኝ አትመለስም።

ፋንታነሽ ልጅ አዝላ በሯን ከፈተች። ከታዘለው ልጅ የሚታየው ጠጉር ብቻ ነው። የንጋት ዓይን እዚያ ላይ ቀረ።

«አውርጂው።»

«ምን?»

«ያዘልሽውን አውርጂው።»

ፋንታነሽ ግራ ተጋብታ ፈታችው። ወንድ ነው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል። እንቅልፉን ስላቋረጡት ንጋትን በጥፊ ሊመታት ሞከረ።

«ይቅርታ» አለች ንጋት። «መጋቢት ሦስት አገሬ የምትባል ሴት ወለደች። ስንት ወለደች?»

ፋንታነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሁለት። ሁለቱም ሴት።»

«ለምን አንድ መስመር ብቻ ጻፍሽ?»

«ብቻዬን ነበርኩ። ሌሊት አሥር ሰዓት ነው፣ መብራት የለም። እናትየዋ ተንዘፈዘፈች፤ ራሷን ሳተች። ሕፃናቱን ቶሎ መዝኜ ማልበስ አለብኝ። የመስቀያ ሚዛን ነው ያለን፤ ሁለቱን በአንድ ጨርቅ አድርጌ ሰቀልኳቸው። አምስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። እሱን ጻፍኩና ወደ እናትየዋ ሮጥኩ። በኋላ ለየብቻ እመዝናቸዋለሁ ብዬ ነበር።»

«መዘንሻቸው?»

«አልመዘንኩም።»

«ቁመታቸውንስ?»

«ሜትሩን አልነካሁትም።»

«መዝገቡ ላይ ግን ቁመት አርባ ሰባት፣ ራስ ሠላሳ ሦስት ተብሏል።»

«እኔ አይደለሁም! ክብደት ብቻ ነው የጻፍኩት!»

አላየቻትም ንጋት፤ ጫማዋን እያየች ታስብ ነበር። አንዱ ከፋንታነሽ በኋላ ገብቷል። የቀረችውን አንዷን ለክቶ ባዶውን ሞልቷል። ኮምፒውተሩ ቁጥር እንጂ የእጅ ጽሑፍ አያሳይም። መዝገቡ ግን ያሳያል። የተሰረቀው ለዚህ ነው።

«ለማን አስረክበሽ ሄድሽ?»

ፋንታነሽ ልጇን እቅፏ ውስጥ ጭምቅ አደረገችው። «ለማንም። ይኼ ልጅ ታሞብኝ እናቴ ጋ ሞጣ ነበር። ተረኛዋ ሁለት ሰዓት ነው የምትገባው። መኪናው እንዳያመልጠኝ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጣሁ። ጋሽ ምንይሉን እስኪመጡ እይልኝ አልኩት። ዘበኛ ነው፤ ምን ያያል?»

«ስትመለሽስ?»

«በአራተኛው ቀን ተመለስኩ። አንዷ ብቻ አለች። ሁለተኛዋ ሞታ ቤተሰብ ወስዶ ቀበራት ተባለ።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ሰው የለም፣ እህቴ። ስም አለው።»

«ጋሽ ምንይሉ» አለች ፋንታነሽ። «ብጠይቅ ጥዬ መሄዴ ሊወጣ ነው። ዝም አልኩ። ዝውውር ጠየቅሁ።»

ንጋት ለመውጣት ተነሳች።

«ኢንስፔክተር፣ ሞታለች አይደል?»

«አላውቅም» አለች ንጋት። እውነቷን ነው።

ምንይሉን ሁለተኛ ስታየው ቀድሞ አላበው።

«ሕፃኗ ሞተች ብሎ ማን ነገረዎት?»

«አንድ ሰውዬ ጥቅል ይዞ ሲወጣ አየሁ። ሬሳ መሰለኝ።»

«ምን ዓይነት ሰውዬ?»

«ጋቢ የለበሰ።»

«ከቢቸና እስከ ሞጣ ጋቢ ያልለበሰ ወንድ ቢቆጥሩልኝ ይሻላል፣ ጋሽ ምንይሉ። አባትየው ነው?»

«ሊሆን ይችላል።»

ስለዚህ ወደ አባትየው ሄደች። የአገሬ ቤት ከቢቸና አንድ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ባልየው ወልደ ሰንበት ማሳ ላይ ነበር። ያን ጠዋት የት እንደነበር ስትጠይቀው ጅራፉን መሬት ላይ ጣለ። ሚስትህ አትተርፍም ተብሎ ዘመድ ሊጠራ በሌሊት ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። በቃሬዛ ያመጧት ስምንት ሰዎች አብረውት ነበሩ። ንጋት ስምንቱንም አገኘች። ስምንቱም አንድ ቃል ናቸው፤ ፀሐይ ስትወጣ ወልደ ሰንበት መንደር ውስጥ ነው። ጋቢ ለባሹ እሱ አይደለም።

አገሬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ስምንት ወር ያለፋት ልጅ አጠገቧ አቧራ ትበላለች። ድምቡሽ ያለች ናት።

«ስሟ ማነው?»

«ክርስትናዋ ወለተ ገብርኤል ነው። በሰማንያ ቀኗ ተነሳች፣ ግንቦት ሃያ ሁለት። እኔ ሳልኖር ሌላ ሰው ነው ያስነሳት።»

«አመመሽ እንዴ?»

አገሬ ጎመኑን ተወችው። ባሏ መራቁን አየች።

«ጠበል ነበርኩ። አርባ ቀን ከረምኩ። አእምሮዋ ተነካ ብለው ነው የወሰዱኝ።»

«ለምን?»

«ምጥ ላይ ራሴን ስስት፣ ከዚያ በፊት፣ የሁለት ልጅ ለቅሶ ሰምቻለሁ። አንዷ ቀጠን ያለ ድምፅ ነው ያላት፤ አንዷ ወፍራም። በሁለተኛው ቀን ስነቃ አንድ ሰጡኝ። ‹ሌላዋስ?› አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ እብድ ነኝ። ባሌ እንኳ ‹ተይ፣ ሰው ይስቅብናል› ይለኛል።» የንጋትን ዓይን ፈለገች። «አንቺም ልትስቂ ነው የመጣሽ?»

ንጋት አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ያልተገኘ ልጅ ተገኘ ብሎ መናገር ከመግደል ይብሳል።

«እብድ አይደለሽም» አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ሄደች።

ክሊኒኩ ውስጥ መጋቢት ሦስት ጠዋት ማን እንደነበረ በሙሉ መዘገበች። ተረኛዋ ሁለት ሰዓት ላይ ገብታ አንዲት ሕፃን ብቻ አገኘች፤ መስመሩም ሞልቶ ነበር። ፋንታነሽ የሞላችው መሰላት። መድኃኒት ቤቱ ገና አልተከፈተም ነበር። ጽዳቷ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ቀረች ሥርጉት።

«እኔ ደብረ ማርቆስ ሥልጠና ላይ ነበርኩ» አለች ሥርጉት፤ አልተቆጣችም። «ከመጋቢት አንድ እስከ አምስት።» የፊርማውን ወረቀት ኮፒ እንኳ አስቀምጣለች። አምስት ቀን፣ አምስት ፊርማ።

ንጋት ፊርማዎቹን አየች። አምስቱም አንድ ብዕር፣ አንድ ዘንበል። በአንድ ትንፋሽ የተፈረሙ ይመስላሉ። ግን ባለፈው ዓመት እሷም ባሕር ዳር ሥልጠና ሄዳ የሦስቱን ቀን በመጀመሪያው ጠዋት ፈርማለች። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚፈርመው። ወረቀቱ ነበረች ብሎም አያስምል፣ አልነበረችም ብሎም አያስምል።

«ምን አገኘሽ ታዲያ?» አለች ሥርጉት።

«ገና ነኝ።»

«ይገኛል። እውነትና ንጋት…»

«እያደር ይጠራል። ስሜን ለሰማ ሁሉ ይቺ ተረት ናት። ደክሞኛል፣ ሲስተር።»

ዘመነ የደወለው ዓርብ ነው።

«አራት ሌሊት አልተኛሁም» አለ ሰላምታ ሳይሰጥ። «ልጅቷ ካለች ክትባት መከተብ አለባት አልኩ። የክትባቱም ፋይል እኔ ጋ ነው። የወሊድ መስመር የሌላቸውን ሴቶች ለየሁ። ብዙ ናቸው፤ ቤት የሚወለደው ብዙ ነው። ከዚያ ቀይ የበራባቸውን ብቻ አየሁ።»

«እና?»

«አንዷ እዚሁ ሞጣ ናት። ቤት የተወለደች፣ ጉንደ ወይን፣ የካቲት አንድ ይላል። ሚያዝያ አሥራ ስምንት ተመዘነች፤ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ። የአሥራ አንድ ሳምንት ልጅ ይቺን ካከለች በረሃብ አልቃ አልጋ መያዝ አለባት። ነርሷ ግን ‹ደህና ናት፣ ጉንጫም› ብላ ጽፋለች። ኮምፒውተሩ የሚዛን ስህተት ነው ብሎ ወረወራት።»

«አንተስ?»

«እኔ ሚዛኑን አመንኩት፤ ልደቷን ተጠራጠርኩ። አንድ ወር ቀነስኩላት። ከዚያ በኋላ ያለው ክብደቷ ሁሉ ልክ ገባ፣ እንደ ሰዓት! መጋቢት ሦስት የተወለደች ልጅ ናት፣ ኢንስፔክተር። ያቺ ለአንድ ሰው በዛች፣ ይቺ ለዕድሜዋ አነሰች። ሁለቱም እዚሁ ውድቅ የተባለው ክምር ውስጥ ነበሩ።»

«የእናቷ ስም?»

«ሀብትነሽ ይላል። ነጋዴ ባል አላት። ሱቃቸው ከገበያው አጠገብ ነው።»

ንጋት በማግስቱ ሞጣ ደረሰች፤ ወደ ሱቁ ግን አልሄደችም። ሀብትነሽ የምትሳለመው ደብር ሄዳ መርጌታ ሣህለ ማርያምን ፈለገች። ለመንግሥት የካቲት የሚል ሰው ለቄስ ምን ይል ይሆን?

መርጌታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የደብተራቸውን ክር ይሰፋሉ። ስሟን ሲሰሙ ሳቁ።

«ንጋት! እውነትና…»

«ያውቁታል ብዬ ነበር፣ መርጌታ። የሀብትነሽን ልጅ አንቱ ነዎት ያጠመቁት?»

«እኔ ነኝ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ የመጣች ልጅ ናት፤ ማን ይረሳታል?»

«መቼ ነበር?»

ደብተሩን ገለጡ። «ግንቦት ሃያ ሁለት።»

«በሰማንያዋ?»

«ሴት ልጅ በስንት ትነሳለች ታዲያ? ቀኗን ጠይቄ ነው የማጠምቀው።»

ንጋት በጣቷ ቆጠረች። የካቲት አንድ ብትወለድ ሰማንያዋ ሚያዝያ ሃያ ላይ አልፏል። ከግንቦት ሃያ ሁለት ወደኋላ ሰማንያ ሲቆጠር መጋቢት ሦስት ነው። የአገሬም ልጅ የተነሳችው በዚያው ቀን ነው። ለክትባት የዋሸ ሰው፣ ለቀበሌ የዋሸ ሰው፣ የልጅቷን ሰማንያ ግን አላዛነፈም።

«ቀኑን የነገረዎት ማነው? ሀብትነሽ ናት?»

«አይ፤ እሷማ የካቲት ነው ስትል ነበር። የክርስትና እናቷ ናት እሷን ወደ ጎን አድርጋ የነገረችኝ። ‹አባ፣ ሰማንያዋ ዛሬ ነው› አለችኝ። ‹በምን አወቅሽ?› ብላት ‹በእጄ ይዣታለሁ› አለች። ቅዳሴው እስኪያልቅ እያለቀሰች ነው ያቀፈቻት። የሀብትነሽ ታላቅ እኅት ናት፤ እናንተ ቢቸና ያለች አዋላጅ።»

«ስሟን ጽፈዋል?»

መርጌታ ደብተሩን አዙረው ሰጧት። በጥቁር ቀለም፣ በቁም ጽሕፈት፦ ሥርጉት።

ንጋት ከመደወሏ በፊት ሁለት ፖሊሶች ብሥራት በር ላይ እንዲቆሙ አደረገች። ከዚያ ደወለች።

«ሞጣ ነኝ፣ ሲስተር።»

«ምን ተገኘ?»

«ክርስትና ልጅሽ።»

በስልኩ ከኋላ አንድ ጨቅላ ሲያለቅስ ይሰማል።

«ሀብትነሽ አታውቅም» አለች ሥርጉት በመጨረሻ። «እናቷ ሞታለች ብያታለሁ። እሷን አትንኪያት።»

«ከሥልጠናው መቼ ተመለስሽ?»

«በሁለተኛው ቀን ማታ። ማለዳ ላይ ክሊኒኩን አየት ላድርግ ብዬ ገባሁ። ተረኛ የለም። እናትየዋ አፏ አረፋ ደፍቋል። ካርዷ ላይ አራት ልጆች አሏት ይላል። ትሞታለች አልኩ። ሁለት ጨቅላ ይዞ ያ ሰውዬ ምን ያደርጋል አልኩ። እኅቴ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ስታለቅስ ኖራለች።»

«አልሞተችም።»

«አልሞተችም።»

«በሁለተኛው ቀን ነቅታ ‹ሌላዋስ?› ብላ ጠየቀች። ያኔ ለምን አልመለስሽም?»

«ያኔ ሀብትነሽ ስልክ ላይ ትስቅ ነበር። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።»

«ቁመቱን ለምን ጻፍሽ?»

«ባዶ ካዩ ይደውላሉ። ክብደቱን ልሰርዝ ብል ደግሞ መፈረም ግድ ነው፤ እኔ በወረቀት ደብረ ማርቆስ ነኝ። ተውኩት። የኛን ስህተት ማን ቁም ነገር ብሎ ያየዋል አልኩ። ደግሞም እስከዚህ የሞጣ ሰውዬ ድረስ ያየው የለም።»

«ምንይሉ አይቶሻል።»

«አይቶኛል። ወረቀቱን ስለማውቅበት ዝም አለ። እሱንም እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«መዝገቡን አቃጠልሽው?»

«የሁለት ዓመት ልጆች ስም አለበት፣ ንጋት። እንዴት አድርጌ ላቃጥለው? ቤት፣ ከአልጋዬ ሥር ነው።»

ሀብትነሽ ሱቁን ዘግታ ጓዳ አስገባቻት። ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የፕላስቲክ ክዳን ትነክሳለች። ንጋት አንድ ጊዜ አየቻት። ያችኛዋ አቧራ ስትበላ ያየችው ፊት ነው፤ ያው ጉንጭ፣ ያው ግንባር። ልጅቷ ክዳኑ ወደቀባትና አለቀሰች። ቀጠን ያለ ድምፅ ነው።

«እናቷ አለች» አለች ንጋት። ማዞር አልቻለችበትም።

«ሞታለች።»

«አልሞተችም። አገሬ ትባላለች። የዚህችም መንታ እኅት አለች።»

ሀብትነሽ ልጅቷን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። «እኅቴ አትዋሸኝም።»

«ደውዪላት። ፖሊስ ጣቢያ ናት፤ ስልኳን ይሰጧታል።»

አልደወለችም። ልጅቷ የአንገት ሐብሏን ስባ አፏ ከተተችው።

«ታውቃለች?» አለች። «እናትየዋ፣ መኖሯን ታውቃለች?»

«ለቅሶዋን ሰምታለች። እብድ ነሽ ብለው አርባ ቀን ጠበል አስገቧት።»

«በኔ የተነሳ?»

ንጋት የወደቀውን ክዳን ከምንጣፉ ላይ አነሳች።

«እምቢ ብልሽስ?»

«ትችያለሽ። ሰኞ የፍርድ ቤት ወረቀትና የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ሰው ይዤ እመጣለሁ። የማታውቃት ሴት ትወስዳታለች።»

ሀብትነሽ ጓዳውን ዞር ዞር ብላ አየችው። ጡጦውን አነሳች። ሁለት ቀሚስ አነሳች፤ አንዱን መልሳ አስቀመጠችው። ቆይታ መልሳ ያዘችው።

«ጡጦዋን ሞቅ ካላለ አትቀበልም» አለች። «ሰው ካልያዛት መኪና ላይ ታለቅሳለች። ጠመዝማዛው ላይ ታስመልሳለች። ሌላ ሰው አይወስዳትም። እኔ ነኝ የማደርሳት። በእጄ ነው የምሰጣት፤ እናቷ ፊቴን ትየው።»

ሕጉ እንደዚያ አይልም። ንጋት ሕጉን ታውቀዋለች።

ደጅ ወጣች፤ ከመኪናው የፊት ወንበር ላይ ፋይሎቹን አንስታ ወደኋላ ወረወረችና በሩን ከፍታ ያዘችላት።